የኦቦ ዋቅወያ የዕዳ መውጫ ድግስ

የመስከረም ጭቃ ገና አልጠነከረም ነበርና፣ ከነቀምቴ ወደ ኡኬ ያሳፈረን የጭነት መኪና ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው እስከ ሆዱ ሰመጠ። ሾፌሩ «ውረዱና ግፉ» አለን። ወርደን ገፋን። መኪናው ንቅንቅ አላለም፤ እኛ ግን እስከ ፀጉራችን በጭቃ ተለወስን። ተሳፋሪው «ሒሳባችንን መልስ» እያለ ሲሟገት እኔ ጫማዬን በእጄ ይዤ በእግሬ መንገድ ጀመርኩ።

«ያ ባርሲሳ! መምህር! ቆይ እንጂ!» የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ።

ኦቦ ዋቅወያ ነበሩ። እኒህ የኡኬ ገበሬ በሁለት ነገር የታወቁ ናቸው፤ በቡና ማሳቸውና በይሉኝታቸው። ማሳው ትንሽ ነው፤ ይሉኝታቸው ግን ወሰን የለውም። ልጃቸው ድርቤ ትከተላቸዋለች። ነቀምቴ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምራ እዚያው ሕፃናትን ፊደል የምታስቆጥር ወጣት ናት። ፊቷን ሳይ አባትና ልጅ መንገዱን ሁሉ ሲከራከሩ እንደ መጡ ገባኝ።

«አካም ጂርቱ መምህር! እንኳን ደስ ያለህ በለኝ! ከዕዳ ወጣሁ!» አሉ ኦቦ ዋቅወያ ጭቃቸውን ረስተው እያቀፉኝ።

ከልቤ ደስ አለኝ። ታሪኩን ኡኬ ውስጥ የማያውቅ የለም። ከስድስት ዓመት በፊት የመጀመሪያ ልጃቸውን ሲድሩ ከባላምባራስ ወልደሩፋኤል ገንዘብ ተበደሩ፤ የቡናውን ማሳም በወለድ አገድ አስያዙ። ወለድ አገድ ማለት ዋናው ገንዘብ እስኪመለስ ድረስ አበዳሪው የማሳውን ፍሬ እየለቀመ ስለ ወለዱ ይበላል ማለት ነው። ባላምባራስ ስድስት ዓመት ለቀሙ። ባለማሳው በአጥር ላይ አንገታቸውን አስግገው ሲያዩ ኖሩ። ባለቤታቸው አዴ ቀለሟ ቅቤ እየሸጡ፣ እርሳቸውም በበሬዎቻቸው የሰው መሬት እያረሱ፣ ባለፈው ሳምንት ሽማግሌዎች ባሉበት ዕዳውን ከፍለው ማሳቸውን ተረከቡ።

«ታዲያ ለመጪው እሑድ ጠርቼሃለሁ» አሉኝ። «በሬ ይጣላል። ለሚሲዮን ሰዎች ብርዝ፣ ለሌላው ጠጅ። ኡኬ እንዲህ ያለ ድግስ አላየችም!»

እኔ ከሸዋ መጥቼ ብቻዬን የምኖር፣ ከሰኞ እስከ እሑድ በገዛ እጄ ያሳረርኩትን ሽሮ የምበላ ሰው ነኝ። «በሬ» የሚለውን ቃል ስሰማ ምራቄን ዋጥኩ።

«መምህር፣ የበሬው መግዣ ከየት እንደሚመጣ ይጠይቁልኝ» አለች ድርቤ በትሕትና።

«ከየት ይመጣል?» አልኩ።

ኦቦ ዋቅወያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ከባላምባራስ ነው። አሁን በዚሁ እገባና እፈርማለሁ። ማሳውን ለአንድ ዓመት ብቻ አስይዛለሁ።»

«ያንኑ ማሳ?»

«ሌላ ማሳ የት አለኝ?»

መንገዱ ላይ ቆምኩ። ስድስት ዓመት የተለፋለት ማሳ፣ ያውም ፍሬው ቅርንጫፉን አጎንብሶ ለቀማው ሲቃረብ፣ ለአንድ እሑድ ሥጋ ሊሄድ ነው።

«አባኮ» አለች ድርቤ፣ «ከጉድጓድ የወጣ ሰው መውጣቱን ለማሳየት ተመልሶ ይገባል?»

«ሲገባ ያየው ሕዝብ ሲወጣም ማየት አለበት! አንቺ አታውቂም። ስድስት ዓመት በገበያ ዳር ዳር ሄጄአለሁ። ሰው ሲያየኝ ይንሾካሾካል። ዕዳውን የከፈልኩት በሦስት ሽማግሌዎች ፊት ነው፤ ውርደቴን ያየው ግን አገር ነው። አገር ካልበላ በምን ያምነኛል?»

እውነቱን ለመናገር፣ ክርክራቸው የሚናቅ አልነበረም። ሰው ከእንጀራው ይልቅ ስሙን ይወዳል፤ የአገራችን ድህነትም ግማሹ ከዚህ የሚመጣ ይመስለኛል።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል» አለች ድርቤ። «በብድር በሬ ቢደግሱ የሚደምቀው የባላምባራስ ስም ነው እንጂ የእርስዎ አይደለም።»

«ስሚ ልጄ፣ ኢንተላ ኮ፣ ቤት የተቀመጠ ገንዘብ አይጥ ይበላዋል። በሰው ሆድ የተቀመጠ ግን ምስጋና ይሆናል።»

«ምስጋናውስ እስከ መቼ ይቆያል?»

ኦቦ ዋቅወያ እውነተኛ ሰው ናቸውና ጥቂት አሰቡ። «ጠጁ እስኪያልቅ» አሉ። ወዲያው የተናገሩት ቆጫቸውና ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ አንተ ፍረድ!»

መፍረድ ቀላል አልነበረም። አእምሮዬ ከልጅቱ ጋር ሲቆም ሆዴ ያለ ኀፍረት ከአባትየው ጋር ተሰልፏል። «ነገሩ ሁለት ወገን አለው» አልኩ። ድርቤ ቀና ብላ አየችኝ። «አንደኛው ወገን ግን ይበልጣል» ብዬ ጨመርኩ፤ የትኛው እንደሆነ ሳልናገር መንገዴን ቀጠልኩ።

«ወይዘሪት ድርቤ፣ እርስዎስ ድግሱ ቢቀር ምን ይደረግ ይላሉ?» አልኩ፣ ፍርዱን ከራሴ ለማራቅ።

«ዘንድሮ ቡናው የእኛ ነው። ደርቆ ይሸጥ፤ የቤት ወጪ እንደ ዕዳው ዘመን በልክ ይሁን። ለባላምባራስ ስንገብር የኖርነውን አሁን ለራሳችን እንገብር። ገብረኪዳን ባለሱቁ የሚሰበስበው ዕቁብ አለ፤ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ይጣላል።»

«ዕቁብ! ገንዘቤን ለሰው አስረክቤ እንቅልፍ ይወስደኛል?»

«አባኮ፣ አንድ ሰው ማሳዎን ስድስት ዓመት ይዞ ተኝተዋል። ሰፈርተኛው ሁሉ የሚተያይበትን ዕቁብ ለምን ይፈራሉ?»

አዛውንቱ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭቃውን አራገፉ።

«ደግሞ ያስቡት» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ቡናችንን በአበባው የሸጥነው ለምን ነበር? ከዕዳው በፊትም ቢሆን መጋቢት ላይ ጥቂት ብር ሲቸግረን፣ ነጋዴ መጥቶ ገና አበባ ሳለ በርካሽ ይገዛን ነበር። ጥሪት የሌለው ሰው መጠበቅ አይችልም። ዕዳ መክፈል ግማሽ መንገድ ነው፤ እዚያ ላይ የቆመ ሰው ነፋስ ይመልሰዋል።»

እንዲህ ያለ ንግግር ከእኔ አፍ ቢወጣ ኖሮ አንድ ሳምንት እኮራበት ነበር። ኦቦ ዋቅወያ ግን «እሑድ እሑድ ነው» ብለው እርምጃቸውን አፈጠኑ።

መንገዱ በማሳቸው ሥር ያልፋል። ከአጥሩ ውስጥ ጭስ ሲወጣ አየን። ማሳውን ሲጠብቅ የኖረው የባላምባራስ ዘበኛ ነመራ በጎጆው ውስጥ የጠፍር አልጋው ላይ ተጋድሞ በቆሎ እሸት ይጠብሳል።

«ነመራ! አንተ እስካሁን እዚህ ምን ትሠራለህ?» ብለው ጮኹ ኦቦ ዋቅወያ። «ማሳው እኮ ተመልሶልኛል!»

ነመራ ደንግጦ ተነሣ፤ በጨዋ ደንብ እጅ ነሣ። «እንኳን ደስ አለዎት ኦቦ። ባለፈው ሳምንት ልወጣ ነበር። አልጋዬን እስከ በሩ ተሸክሜ ነበር። ባላምባራስ ግን ‹ተው፣ ዋቅወያ ሊደግስ ነው፤ እስከ ሰኞ ታገሥ፤ አልጋ ሁለት ጊዜ መሸከም ምን ያደርግልሃል› አሉኝ።»

በቆሎው ማረር ጀመረ።

«ሌላስ ምን አሉህ?» አሉ አዛውንቱ ቀስ ብለው።

«ሌላ አልተናገሩም። ሣቁ ብቻ። አጥሩንም እንድጠግን አዘዙኝ» አለና፣ ደግ ሰው ስለሆነ ሊያጽናና ፈልጎ «እሑድ እኔም እመጣለሁ» ብሎ ጨመረ።

ኦቦ ዋቅወያ ጎጆው ገብተው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። ሰው በጠላቱ ቢሸነፍ ይችለዋል፤ እንደሚሸነፍ ታውቆ አልጋ ተነጥፎ ሲጠበቅ ግን አይቻልም።

«ድርቤ» አሉ በመጨረሻ፣ «ድግሱ ቢቀር ሰው ምን ይለኛል?»

ልጅቱ አባቷ እግር አጠገብ ተንበረከከች። «ሰው አንድ እሑድ ያወራል፣ አባኮ። ነመራ ግን በየቀኑ እዚህ ይተኛል።»

አዛውንቱ ብድግ አሉ። «ነመራ፣ አልጋህን አንሣ!»

«ከባድ ነው ኦቦ፤ ዝናብ ጠጥቷል።»

«እንግዲያው በዚያ በኩል ያዝ!» አሉና የአልጋውን ራስጌ በትከሻቸው አደረጉት። ነመራ ግርጌውን ያዘ። ድርቤ ምንጣፉን ጠቀለለች። ለእኔ የደረሰኝ ጥላሸት የለበሰው ጀበናና የተጠበሰው በቆሎ ነበር፤ በቆሎውን በመንገድ እየበላሁ አቀለልኩት።

ኡኬ ስንደርስ ገበያው ሊበተን ነበር። አልጋ በትከሻ ተሸክመው የሚገቡ ሰዎችን ያየ ሁሉ ቃሬዛ መሰለው። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፤ አንዲት ባልቴት ሙሾ ጀመሩ።

«ማን ሞተ? ምን መዓት መጣ?»

«ዕዳዬ ሞተ!» ብለው መለሱ ኦቦ ዋቅወያ ከአልጋው ሥር። «ወደ ባለቤቱ እያደረስኩት ነው!»

ሙሾው ወደ ሣቅ ተለወጠ። ገበያተኛው እየተሳሳቀ ከኋላችን ተሰለፈ። ያን ሰዓት የኡኬ ሰው ሁሉ በባላምባራስ ደጃፍ ቆሟል ብል ብዙ አልዋሸሁም። ባላምባራስ ብዕርና ወረቀት ከፊታቸው አድርገው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ባላምባራስ» አሉ ኦቦ ዋቅወያ አልጋውን አውርደው፣ ላባቸውን እየጠረጉ፤ «የሰውዎን አልጋ አምጥቼአለሁ። ጎጆዬ ውስጥ ቦታ አይያዝለት።»

«ድግሱስ?» አሉ ባላምባራስ፤ ሣቅ ብለው ነበር፣ ሣቁ ግን አልቀናቸውም።

«አገር መጥቶ አየኝ። ከዚህ በላይ ምን ልደግስ?» ብለው አልጋውን እዚያው ትተው ሄዱ።

አንባቢዬ የበሬውን ነገር ሊጠይቀኝ ይችላል። አልተጣለም፤ እኔም ወደ ሽሮዬ ተመለስኩ። ኦቦ ዋቅወያ ግን የገብረኪዳንን የማክሰኞ ዕቁብ ገቡ። መጀመሪያ ሰሞን ገብረኪዳን ሱቁን መክፈቱን ለማየት በማለዳ እየሄዱ ደጁ ላይ ይቆሙ ነበር፤ በኋላ ተዉት። የዚያን ዓመት ቡና ራሳቸው ለቀሙ፤ አድርቀው ሸጡ። አዴ ቀለሟ ለቤቱ የሚሆነውን ለይተው የቀረውን ቆለፉበት። ለለቅሶና ለሠርግ የሚገባውን እንደ አቅማቸው ሰጡ፤ ማንም ስማቸውን አላነሣባቸውም። እንዲያውም «እንደ ቤትህ እደር እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትደር» የሚለውን ተረት ለኡኬ ወጣቶች ሳይጠየቁ መተረት ስለጀመሩ፣ አንዳንዱ ሲያያቸው መንገድ ይቀይር ነበር።

ጥሪት ለምን እንደሚጠቅም ግን የተረዳሁት በመጋቢት ነው። አንደኛው በሬያቸው የእርሻ ወራት ሊገባ ሲል ታሞ ሞተ። በማግስቱ ወሬውን የሰማ ቡና ነጋዴ ከነገንዘቡ ደጃቸው ደረሰ። እኔ ለቅሶ መሰል ጉብኝት ሄጄ እዚያው ተቀምጬ ነበር። ቡናው ገና ነጭ አበባ ነው። ነጋዴው ችግራቸውን እያዘነ አነሣ፤ ብሩንም ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

ኦቦ ዋቅወያ ግን ለበሬ መግዣ የሚበቃ ገንዘብ ጓዳ ውስጥ አላቸው። የነጋዴውን ብር ጥቂት አዩት።

«ቡናው ሲደርቅ ና» አሉት።

ከጓዳ በኩል አዴ ቀለሟ ሲያለቅሱ ተሰማ። ነጋዴው ደንግጦ «ምነው፣ ምን አደረግኩ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ሲደርቅ ና» የሚለውን ቃል ከባላቸው አፍ ለመስማት ዕድሜያቸውን ሙሉ መጠበቃቸውን ለነጋዴ እንዴት አድርጌ ላስረዳው?