ለሽማግሌ የምትቆመው ጉራቲ

በኛ ጊዜ የውሻ ቦታው ደጅ ነበር፤ እንደናንተ ቤት ሶፋ ላይ ወጥቶ አይተኛም፣ ሰማችሁ ኢጆሌ፣ ልጆቼ? ታዲያ በጃንሆይ ጊዜ ነው፣ እዚሁ ነቀምት፣ የሚሲዮኑ ፈረንጅ ሲስተር ጥቁር ቡችላ ታቅፋ እናቴ ዘንድ መጣች። «አዴ ጫልቱ፣ ይሄ ውሻ ዓይነ ስውር ይመራል። አሁን ትንሽ ነው። አንተ ቤት ያድጋል፣ ሰው ይለምዳል፣ ገበያ ይለምዳል፣ ከዚያ እኔ አስተምራለሁ» አለች። እናቴን «አንተ» ነው የምትላት! እናቴም «ውሻ? እኔ ቤት ውስጥ?» ብላ ሳቀችባት።

ታዲያ ለማን እንደሆነች ስትሰማ ሳቋን ተወች። ለመምህራችን ለኦቦ ቶሎሳ ነው፤ በልጅነታቸው ፈንጣጣ ዓይናቸውን ያጠፋባቸው፣ በዱላ እየዳበሱ ሲሄዱ ስንቴ ቦይ ውስጥ የወደቁ ሰውዬ። «በይ አምጪያት» አለች እናቴ።

ጥቁር ስለሆነች በኦሮምኛ ጉራቲ፣ «ጥቁሯ» አልናት። አልጋ ሥር ተኛች። ጎረቤት ታዲያ ዝም ይላል? «አዴ ጫልቱ ውሻ ወለደች!» አሉ። እናቴ አደባባይ ወጥታ «አዎ ወለድኩ! መጥታችሁ ገንፎ ብሉ!» አለቻቸው።

እና እናቴ ገበያ ይዛት ትሄዳለች። እናቴ ደግሞ ሽማግሌ ካገኘች ሳትቆም አታልፍም፤ «አከም ቡልተን? ሎን ነጋ? ኢጆሌን ነጋ?» እያለች፣ እንዴት አደሩ ብላ ከከብቱ ጀምራ እስከ ልጅ ልጅ ደህንነቱን ሳትጠይቅ እግሯን አታነሳም። ጉራቲም ቆማ ትጠብቃለች። እየቆየ እኛ ሳንቆም እሷ መቆም ጀመረች፤ ሽማግሌ በዱላ ሲመጣ ካየች ጥጓን ይዛ ቀጥ!

ካደገች በኋላ ሲስተር ልትወስዳት መጣች። አቤት ያለቀስነው! እኔማ አንገቷን ይዤ አለቅም አልኩ። አባቴ፣ ያ ውሻ አልወድም ሲል የኖረው ሰውዬ፣ ጓሮ ሄዶ እንጨት ፈለጠ፤ የተፈለጠውን መልሶ ፈለጠ። እናቴ እንደ ሙሽራ አናቷን ቅቤ ቀባቻት። ጎረቤት በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ ይስቃል። «ሳቁ! ልጄን ነው የምድረው!» አለች። ከዚያ ጉራቲን «ሂጂ፣ እንዳታሳፍሪኝ» አለቻት።

ታዲያ የኦቦ ቶሎሳን የትምህርት ቤት መንገድ ለወራት ስታለማምዳት ቆይታ፣ አንድ ማለዳ፣ ሲስተር ፊቷ ቲማቲም መስሎ ጉራቲን እየጎተተች ተመለሰች። «ውሻ ተበላሸ! ሽማግሌ ያያል፣ ይቆማል! ሌላ ሽማግሌ ያያል፣ ይቆማል! ትምህርት ቤት መቼ ይደርሳል? አይሆንም! ውሰድ፣ ያንተ ነው!»

እኔ አልዋሻችሁም፣ እልል አልኩ። እናቴ ግን «ዝም በይ!» አለችኝ። ነጠላዋን አጣፋች፣ ገመዱን ከሲስተር እጅ ነጠቀች። «የዳርኩትን ልጅ መልሼ አላስገባም። አልፈልጋትም ካሉ ኦቦ ቶሎሳ ራሳቸው ይንገሩኝ!» ብላ ወጣች። እኛ ከኋላ፣ ሲስተርም ከኋላችን ቱር ቱር ስትል ደረስን።

ኦቦ ቶሎሳ ከቤታቸው ሲወጡ አገኘናቸው። እናቴ ገመዱን አስያዘቻቸውና «ይሂዱ እስቲ» አለች። ሄዱ። ያቺን ክፉ ቦይ ጉራቲ ዞር አድርጋ አሳለፈቻቸው። እና አንድ ሽማግሌ ብቅ ሲሉ ቀጥ! «አየህ! አየህ!» አለች ሲስተር። ኦቦ ቶሎሳ ጆሯቸውን ጣሉ፤ የዱላ ድምፅ ሰሙና ጎንበስ ብለው «አከም ቡልተን፣ አባቴ?» አሉ።

ሽማግሌው ደነገጡ። «ቶሎሳ! ይሄን ሁሉ ዓመት ሰላም ሳትለኝ ስታልፍ ኮርተህብኝ ነው ብዬ ተቀይሜህ ነበር እኮ!» አሉ። ዓይነ ስውር ላይ ይኮረፋል ወይ ትሉኝ ይሆናል፤ ያኔ ታናሽ ቀድሞ ሰላም ካላለ ታላቅ አፉን አይከፍትም ነበር።

ኦቦ ቶሎሳ እንባቸው መጣ። «ሲስተር፣ ይህች ውሻ ተበላሽታ ከሆነ አብረን እንበላሽ። ሌላ ውሻ አልፈልግም» አሉ።

እናቴ ዞር ብላ ሄደች። ጉራቲ ልትከተላት ስትል «እዚያው ሁኚ! ሥራ ላይ ነሽ!» ብላ ጮኸችባት። ቤት ገብታ ግን በሯን ዘግታ ተንሰቀሰቀች። ጎረቤቷ «ለውሻ ነው እንዲህ?» ብትላት «ለልጄ ነው! ምን አገባሽ?» አለቻት።

«አያቴ፣ መምህሩ ታዲያ ትምህርት ቤት በሰዓቱ ይደርሱ ነበር?»

የት ይደርሳሉ! ሽማግሌው ሁሉ እየጠበቀ መንገድ ዳር ይቆም ጀመር እኮ። ደወሉ ነው እነሱን የሚጠብቀው፤ ጉራቲ በሩን ስትገባ ይደወል ነበር! (ሳቅ)