ብርጭቆ ውስጥ ያደረ አፈር

ሽማግሌው ግንበኛ ለሴት ልጃቸው ቤት መሠረት አስቆፍረው ጉድጓዱ ዳር ቆመው ሳሉ፣ አንዲት ጸጉሯ የሸበተ ሴት መንገዷን ትታ መጣችና ከተቆፈረው ጥቁር አፈር ጓል አንስታ በጣቶቿ ማሸት ጀመረች።

«ምነው እመቤት፣ እናንተ ሰፈር አፈር ጠፋ እንዴ?» አሉ ግንበኛው እየሳቁ።

«ይቅርታ አባባ፣ ሳልጠይቅ ነካሁ። ዩኒቨርሲቲ የማስተምረውና የምመራመረው ስለ አፈር ነው። ሠላሳ ዓመት ሆነኝ።»

«አፈር ምን ወሬ ቢኖረው ነው ሠላሳ ዓመት የማያልቀው?»

ፕሮፌሰሯ ፈገግ አለች። «መሠረቱን መቼ ይሞላሉ?»

«ነገ። ድንጋዩም ሲሚንቶውም ቀርቧል።»

«እባክዎ ይታገሱ። ይህ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ቤቱን ይሰነጥቀዋል።»

ግንበኛው ድጅኗቸውን አንስተው የጉድጓዱን ወለል መቱት፤ ድጅኖው ጮኸ። «ይሰማሉ? አለት ነው! አርባ ዓመት የገነባሁት በዚህ ጆሮዬ ነው።»

«ድጅኖው የነገረዎት የበጋውን ነው» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «የክረምቱን ማን ይንገርዎት? ልጅ ሳለሁ የመኝታ ቤታችን ግድግዳ ተሰንጥቆ ነበር። የደብተር ወረቀት እያጠፍኩ እከትበታለሁ፤ በበጋ ስድስት እጥፍ ይገባል፣ በክረምት አንድም አይገባም። አባቴ የልስን ጥፋት ነው ይሉ ነበር። ለእኔ ግን ግድግዳው የሚተነፍስ ይመስለኝ ነበር። ያን ጥያቄ ይዤ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ እስካሁንም ከእሱ አልወጣሁም።»

ግንበኛው ሳሎናቸው ውስጥ ከመስኮቱ በላይ ያለው፣ በየዓመቱ የሚለስኑት ስንጥቅ ትዝ አላቸው። አልነገሯትም።

«እኔን አይመኑኝ» አለች። «ጓሉን አድቅቀው ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ጣት ይለኩ፤ ውሃ ይሙሉበት። ነገ ተመልሼ እመጣለሁ፤ እርስዎ የሚያዩትን ይመኑ።»

በማግስቱ ብርጭቆው ውስጥ ያደረው አፈር አራት ጣት ሆኖ ጠበቃቸው። ማንም አልጨመረበትም። ግንበኛው ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ብርሃን አዞሩት።

«አርባ ዓመት በላይህ ቆሜ፣ አንድ ቀን እንኳ አላየሁህም» አሉት።

ፕሮፌሰሯ እንደ ቃሏ ተመልሳ ስትመጣ ቆባቸውን አወለቁ። «እንግዲህ ምን ይሻላል፣ መምህሬ?»

«ጥቁሩ አፈር እስኪያልቅ ይቆፈር፤ በማያብጥ ጠጠራማ አፈር፣ በገረጋንቲ፣ ተሞልቶ በደንብ ይጠቅጠቅ። የጣራው ውሃም ከግድግዳው ይራቅ። ሥራው ሁለት ሳምንት ይዘገያል። ልጅዎ ግን በክረምት በሯ አይጣበቅባትም፤ በየዓመቱ አትለስንም፤ ልጆቿንም ከግድግዳው ሥር ሳትሰጋ ታስተኛለች።»

ብዙዎቻችን ቤት የምንሠራው መሬቱ ጠንካራ መስሎ በታየን ቀን ነው። ምርምር የሚጠቅመን ያላየነውን ወቅት አስቀድሞ ስለሚያሳየን ነው።

ግንበኛው ሠራተኞቹን ወደ ቁፋሮ መለሱ። ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ገብተው፣ ለዓመቱ ልስን ያዘጋጁትን ኖራ ወደ ጎን ገፉና ከልጅ ልጃቸው አንድ የደብተር ወረቀት ለመኑ። እያጠፉ ከመስኮቱ በላይ ባለው ስንጥቅ ውስጥ ከተቱት።

ስምንት እጥፍ ገባ።