ሲንቄዬን ይዤ የወጣሁ ዕለት

በእኛ ጊዜ፣ ያው በደርጉ ማለቴ ነው፣ ባል ሲታመም ሚስት ታስታምማለች፤ ሚስት ስትታመምስ? ወደ አባቷ ቤት! እኔ ባሌን ከድርን፣ ያ ክፉ በሽታ ጉሮሮው ላይ ሲወጣበት፣ አዲስ አበባ ሦስት ወር አልጋው ሥር እየተኛሁ አስታምሜ አመጣሁት። ወላሂ፣ በወንዶቹ ክፍል ከየአልጋው ሥር ሚስት ነበረች!

ታዲያ በዓመቱ እኔ ጡቴ ላይ እብጠት ወጣብኝ። የጎባው ሐኪም፣ "ካንሰር ነው፤ አዲስ አበባ ሄደሽ ይቆረጥ፤ ባልሽም ይፈርም" አለኝ። እና ለከድር ነገርኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ያንን ያስታመምኩትን ጉሮሮ ጠረግ ጠረግ አድርጎ፣ "አባትሽ ቤት ሰንብቺ፣ ዱዓ ይደረግልሽ፤ እኔ እርሻውን ለማን ልተወው?" አይለኝም!

"እኔስ ያኔ ቤቴን ለማን ትቼ ነበር? ዱዓውማ አዲስ አበባም ይደርሳል!" አልኩት። ሞፈሩን ተሸክሞ ወደ እርሻው ወጣ።

ተናደድኩ። ተናደድኩና እናቴ በሠርጌ ቀን የሰጠችኝን ዘንግ፣ ሲንቄዬን፣ ይዤ ደጅ ወጥቼ እሪ አልኩ! ስሙኝማ፣ በእኛ አገር የተበደለች ሚስት እሪ ካለች፣ የሰማች ሁሉ ሲንቄዋን ይዛ ቤቷን ጥላ ትወጣለች፤ በዳዩ እስኪክስ አትመለስም። እና ወጡ! ልጁንም ላሙንም ለባል ጥለው እኔ ጋ ከመንደሩ ዳር ካለው ጥድ ሥር ተቀመጡ።

በማግስቱ ወንዶቹ ከድርን ያዙት። "አንተ ሰውዬ፣ ውሰዳት! ልጆቹ በለቅሶ ፈጁን! ላሟ አልታለብ አለች!" የቀበሌው ሊቀመንበር ራሱ ሕፃን ታቅፎ፣ "የሁለታችሁንም የይለፍ ወረቀት አሁኑኑ እጽፋለሁ!" አለ።

ታዲያ ከድር ሄደ፤ ፈረመ፤ እኔም ተቆረጥኩ። በሴቶቹ ክፍል ባል እሱ ብቻ! ነርሷ "ወንድሟ ነዎት?" ስትለው፣ አንገቱን ደፍቶ "ባሏ ነኝ" ይላል።

አጠገቤ አንዲት የእኛው አገር ሰው፣ የጎሮ ሴት ነበረች፣ እንደኔው ጡቷን የታመመች። የሚፈርምላት ባል ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ ጠበቀች፤ አልመጣም። ወደ አባቷ ቤት ወሰዷት። ዓመት አልሞላትም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል!

ከድር፣ አላህ ይዘንለትና፣ እስኪያረጅ ድረስ ለሰው ሁሉ "ሐኪሙ ነው ያዳናት" ይል ነበር።

"ሐኪሙማ ለጎሮዋም ነበረ!" እለው ነበር።