እትዬ ደጊቱና የቤተ መንግሥቱ ምጥ

እትዬ ደጊቱ ኃይሉ ከአባታቸው ከአቶ ኃይሉ ገመቹና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወርቅውሃ ታደገ በ1944 ዓ.ም. በነቀምቴ ከተማ ተወለዱ። እዚያው ተምረው ነርስ ከሆኑ በኋላ ለአዋላጅነት ትምህርት ወደ ሕንድ አገር ተልከው ሲጨርሱ፣ በራጃስታን አንድ የቆየ ቤተ መንግሥት ለሴቶቹ ክፍል አዋላጅ ይፈልግ ስለነበር እሳቸውን ቀጠረ።

ያ የሴቶች ክፍል ባዳ ወንድ የማይገባበት፣ መስኮቱ እንደ ወንፊት ከተበሳሳ ድንጋይ የተሠራ ነበር፤ ከውስጥ ያለችው ታያለች፣ ከውጭ ያለው አያያትም። እትዬ መጀመሪያ እስር ቤት መስሏቸው አዝነው ነበር። በኋላ ግን ሲያዩ፣ አሮጊቷ ንግሥት ከዚያ መስኮት ኋላ ሆነው የእርሻ አስተዳዳሪ የሚሾሙና የሚሽሩ፣ የሠራተኛ ልጆችን ሳይቀር ፊደል የሚያስቆጥሩ፣ ግቢ የገባውን ሰው ሁሉ በአረማመዱ የሚለዩ ሴት ሆነው አገኟቸው። ሌሎቹም ወይዛዝርት ሥዕሉን፣ ግጥሙን ያውቁበታል። ስለዚህ እትዬ ስለነሱ ሲያወሩ በአክብሮት እንጂ «ምስኪኖች» ብለው አያውቁም።

ታዲያ የንግሥቲቱ ምራት ምጥ ያዛትና ሕፃኗ በእግሯ መጣች። እትዬ ሞክረው ከአቅማቸው በላይ መሆኑን ሲያውቁ ከከተማ ሐኪም አስጠሩ፤ ሐኪሙ ግን ወንድ ነውና በር ላይ ቀረ። ንግሥቲቱ ጨክነው አልነበረም፤ ምራቲቱ ራሷ ወንድ ከሚያየኝ ልሙት ብላ ስለለመነቻቸው ነው። እናትም ልጅም ሊሞቱ ሆነ። ያኔ እትዬ ሻሻቸውን ከራሳቸው ፈተው፣

«እመቤቴ፣ ዓይኑን ልሰረው፤ እኛ የምንፈልገው እጁን ነው» አሏቸው።

ንግሥቲቱ ሻሹን ተቀብለው ውፍረቱን ዳሰሱና፣

«ብታይ ግን ያንተን ሳይሆን ያሰረችህን ሴት ዓይን ነው የማወጣው በይው» ብለው በሩን አስከፈቱ።

ሐኪሙ ዓይኑ ታስሮ፣ እትዬ እያዩ እየነገሩት፣ ሴት ልጅ በሰላም ተወለደች፤ እናትም ተረፈች። ሐኪሙ ሲወጣ በሩን ስቶ ግድግዳ ሲገጭ ያቺ የደከመች እናት ሳይቀር ሳቀች ይሉን ነበር። ሕፃኗ ሱሚትራ ተባለች።

እትዬ ወደ አገራቸው ተመልሰው ከአቶ ብርሃነመስቀል ጋር ተጋብተው ኢሳያስንና ርብቃን ወለዱ። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ርብቃ በዲቪ ሎተሪ አሜሪካ ገብታ ዜግነት ስታገኝ አትላንታ አስመጥታቸው፣ ሮዝዌል አረጋውያን በሚጦሩበት አንድ ነርሲንግ ሆም ሲሠሩ ኖሩ። ሪታየር ካደረጉ ወዲህ ደግሞ እዚህ ሊቶኒያ፣ ባሏ ሥራ ውሎ እሷ መንዳት ሳትችል ከአራስ ልጅ ጋር አፓርታማ ውስጥ የተዘጋባትን ሴት ሁሉ እየዞሩ ይጠይቁ ነበር። እኔም አንዷ ነኝ። ልጄ ተኝታ ትንፋሿን ስቆጥር የቤተ መንግሥቱን እያወሩ ያስቁኝ ነበር፤ ስስቅ ጊዜ ሕፃኗን ተቀብለው፣ አንቺ ተኚ ይሉኛል፤ እተኛለሁ።

በኩላሊት ሕመም ምክንያት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ልጆቻቸው ባሉበት ዐረፉ።

እስከ መጨረሻው ከእትዬ ጋር ስትደዋወል የኖረችው ሱሚትራ ሰምታ ትናንት ከሕንድ ገብታለች፤ ይኸው ፊት ተቀምጣለች። ይህን የሕይወት ታሪካቸውን ስጽፍ ስሟን ከሩቅ እንግዶች ጋር ላደርገው ስል ኢሳያስ አይቶ፣ ምን ነካሽ፣ እሷ እኮ ከኔ በፊት ናት አለኝ። ስለዚህ እትዬ ደጊቱ ሱሚትራን፣ ኢሳያስንና ርብቃን፣ የልጅ ልጃቸውን ሚካኤላንና እጃቸው ላይ የወደቅን ሁላችንንም ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ለእኛም ጭንቅ ወዳለበት ቤት የሚሄድ እግር ይስጠን። አሜን።