ጋሽ ፍሬንና ያልበቀለው ሰላጣ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት በእግሬ መንሸራሸር ልማዴ ሆኗል። አንድ ቀን ከገበያው መግቢያ ስደርስ ጎረቤቴ ጋሽ ፍሬን የዘር ከረጢት ጨብጠው፣ ፊታቸውን አጥቁረው ሲገሰግሱ አገኘኋቸው። ጋሽ ፍሬን ዕድሜያቸውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ፣ ዶሮ መንገድ ልታቋርጥ ገና ስታስብ ፍሬን የሚይዙ ጠንቃቃ ሰው ናቸው። ቅጽል ስሙን ያወጡላቸውም ግንባራቸው በፊተኛው ወንበር የተመታ ተሳፋሪዎች ናቸው ይባላል። እሳቸውም እንደ እኔ ጡረታ ወጥተው፣ ከቤታቸው ጀርባ ያለችውን መሬት ቆፍረው አትክልተኛ ሆነዋል።

«ደህና አደሩ ጋሼ፤ ወዴት ነው እንዲህ በጠዋቱ?» አልኳቸው።

«ልከሳት ነው መምህር!» አሉኝ፣ ሰላምታዬን እንኳ ሳይመልሱ። «ዘር ሻጯን ለገበያው ኃላፊ ልከሳት ነው። ባቄላ ሸጠችልኝ፣ በቀለ። በቆሎ ሸጠችልኝ፣ በቀለ። ሰላጣውን ግን ደጋግሜ ብዘራው መሬቱ ጭጭ አለብኝ። የሞተ ዘር ነው የሰጠችኝ! ትናንት ደንበኞቿ ፊት ልኳን ነግሬያታለሁ።»

«ምን አለችዎት?»

ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ምን ትላለች... እንባ አቀረረችና ‹አንተም?› አለችኝ።»

ነገሩ አሳዘነኝ። ሁለቱ የቆየ ወዳጅነት አላቸው። የጋሽ ፍሬን ባለቤት ታመው በተኙ ጊዜ ሱቋን ዘግታ ያስታመመቻቸው ይህችው ዘር ሻጭ ነበረች። ይህን የመሰለ ወዳጅነት በአንድ ጭብጥ የሰላጣ ዘር ሊፈርስ ነው ማለት ነው።

«ጋሼ፣ ክሱ የትም አይሄድብዎትም» አልኳቸው። «አስቀድመው ምራትዎን ያማክሩ። ስለ ዕፅዋት የምታስተምር ሰው ቤትዎ ተቀምጣ፣ ውጭ ዳኛ ፍለጋ ምን ያስኬድዎታል?»

«እሷ ደግሞ ከመጽሐፍ በቀር አፈር የት ታውቃለች!» አሉ። ሆኖም ክንዳቸውን ይዤ ስመልሳቸው አልታገሉኝም። ከልቡ መክሰስ የፈለገ ሰው እንዲህ በቀላሉ እንደማይመለስ ስለማውቅ ተስፋ አደረግሁ።

ምራታቸው በረንዳው ላይ ልብስ ስታሰጣ ነበር። እጇን አደራርቃ ወንበር አቀረበችልንና የአማቷን አቤቱታ ጣልቃ ሳትገባ እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ፣

«አባባ፣ ዘሩን ምን ያህል አጥልቀው ቀበሩት?» አለች።

«እንደ ባቄላው ነዋ! ጣቴን እስከ አንጓው አስገብቼ፣ ዘሩን ጥዬ፣ አፈር መልሼ፣ ረገጥ ረገጥ። ዘር ካልተቀበረ ወፍ ይለቅመዋል፣ ፀሐይ ያደርቀዋል። አባቴም የሚዘሩት እንዲሁ ነበር።»

«አባትዎ ሰላጣ ዘርተው ያውቃሉ?»

ጋሽ ፍሬን አሰብ አደረጉ። «ባቄላ ነበር የሚዘሩት» አሉ ወደ ግድግዳው እያዩ። እኔ ሳቄን በሳል ሸፈንኩት።

«ባቄላ ስንቁን በሆዱ የያዘ መንገደኛ ነው» አለች ምራቲቱ። «በጨለማ ሩቅ ቢጓዝም አይርበውም። የሰላጣ ዘር ግን እስቲ ይዩት፣ ከቁንጫ አይበልጥም። ከጥልቅ ተነስቶ ሽቅብ ጉዞ ቢጀምር ስንቁ መንገድ ላይ ያልቅና ይሞታል። ስለዚህ የዚህ ዓይነቱ ሰላጣ ብርሃን ካላየ አይነሳም።»

«ካላየ? ዘር ደግሞ በምኑ ነው የሚያየው? መነጽር ልትገዢለት ነው?»

«እንደ እኛ ዓይን የለውም አባባ። ዘሩ የተሠራው ሕዋስ ከሚባሉ፣ በባዶ ዓይን ከማይታዩ ደቃቅ ክፍሎች ነው። በእነዚያ ሕዋሳት ውስጥ ብርሃን የሚቀበል ፕሮቲን አለ። ዘሩ ውሃ ጠጥቶ ከራሰ በኋላ ብርሃን፣ በተለይ ቀዩ ጨረር፣ ሲነካው ያ ፕሮቲን ቅርጹን ይለውጣል። ከዚያም ወደ ሕዋሱ ማዘዣ፣ ወደ አስኳሉ ይገባና ‹ተኛ› የሚለውን ትእዛዝ ይሽራል። ያን ጊዜ ለማደግ የሚያስፈልጉት ንጥረ ነገሮች መሠራት ይጀምራሉ፤ ቅርፊቱ ይሰነጠቃል፣ ሥር ይወጣል።»

«ቀዩ ነው ያልሽኝ?» ጋሽ ፍሬን ከወንበራቸው ተነሱ። «ዕድሜዬን ሙሉ ቀይ መብራት ሲበራ ስቆም ኖሬ፣ ቀይ ሲበራ የሚነሳ ፍጡር አለ ትይኛለሽ?»

ሦስታችንም ሳቅን። «የእሱ የትራፊክ ሕግ ሌላ ነው» አለች። «ደግሞ ከሌላ ተክል ሥር ቢወድቅ፣ ቅጠሎቹ ቀዩን ጨረር ቀድመው ይወስዱታል። ወደ ታች በብዛት የሚያልፈው ከቀዩ ወዲያ ያለ፣ ዓይናችን እምብዛም የማያየው ጨረር ነው። እሱ ፕሮቲኑን ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመልሰዋል። ዘሩም ‹ቦታው ተይዟል› ያለ ያህል መልሶ ይተኛል።»

«ይሄ ሰላጣ ነው ወይስ ጠበቃ?»

«በቃሌ አይመኑኝ አባባ። ከዚያው ከረጢት ዘር ወስደን እንሞክረው።»

የተማረ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሽማግሌውን በንግግር ረትቶ ይሄዳል። ሽማግሌውም ዝም ይልና በልቡ እንደ ቀድሞው ይኖራል። ይህች ልጅ ግን በሁለት ሳህን ላይ እርጥብ ጨርቅ አንጥፋ ዘሩን በተነችበት። አንዱን መስኮት ላይ አስቀመጠች፤ ሁለተኛውን ወዲያው ጣሳ ደፍታበት ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተችው።

ከጥቂት ቀን በኋላ ጠሩኝ። የመስኮቱ ሳህን ነጫጭ ክር የመሰሉ ሥሮች አብቅሏል። ከጣሳው በታች ያለው ግን ከሁለት ፍሬዎች በቀር እንደተኛ ነው።

«እነዚህ ሁለቱስ?» አሉ ጋሽ ፍሬን።

«አልፎ አልፎ ያለ ብርሃንም የሚበቅል አለ። ትእዛዝ የማይሰማ ከየትኛው ቤት ይጠፋል አባባ?»

«የቀሩት ደግሞ በጣሳው ታፍነው ሞተዋል!»

«ከሞቱማ ብርሃንም አያስነሳቸውም። እስቲ ይግለጡትና መስኮቱ ላይ ያስቀምጡት።»

ሳህኑን ራሳቸው ተሸክመው አስቀመጡት። በሦስተኛው ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ጋሽ ፍሬን ሳህኑን አቅፈው፣ የተለያየ ጫማ ተጫምተው ቆመዋል።

«መምህር! ተነሱ! ተነሱ!»

«ተነስቻለሁ ጋሼ፤ ምነው?»

«እርስዎን አይደለም፤ ዘሮቹን ነው! ዘሮቹ ተነሱ!»

እንደ ልጅ ፈነደቁ። ከዚያ ድንገት ሳቁ ከፊታቸው ጠፋና ደረጃዬ ላይ ቁጭ አሉ። «እንግዲያ ያቺን ሴት በከንቱ አዋርጃታለሁ። አሁን በምን አፌ ሱቋን እረግጣለሁ?»

«በሰው ፊት የወሰዱባትን ስም በሰው ፊት ይመልሱላት» አልኳቸው።

ወደ ሱቁ አብረን ሄድን። ደንበኛ ሞልቶበታል። ጋሽ ፍሬን ሳህኑን ባንኮኒው ላይ አኑረው ጮክ ብለው፣ «ሰዎች ስሙኝ! የዚህች ሴት ዘር ሕይወት ያለው ዘር ነው። አጥልቄ የቀበርኩት፣ ያለጥፋቷም የሰደብኳት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ» አሉ።

ዘር ሻጯ ለአንዲት ሴትዮ የሽንኩርት ዘር መዝና ጨረሰች። ከዚያ ሳህኑን ጎንበስ ብላ አየችው።

«ሌላ ሰው ቢለኝ እችለው ነበር» አለች። «አንተ ስላልከኝ ነው ያመመኝ።» ወንበር ሳበችላቸው። «በል ተቀመጥ። ምኑን ነው ያጠለቅከው?»

የምራታቸውን ትምህርት ሲነግሯት እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ስንቱ ሰው ሰላጣሽ አልበቀለም ብሎ ሰድቦኝ ሄዷል! እኔም አምኜ ስንት ደህና ዘር ደፍቻለሁ!»

በማግስቱ ጋሽ ፍሬን መደቡን አለሰለሱ። ምራቲቱ ዘሩን በትና በጣውላ ጫን ጫን አደረገችው፤ አፈር አላለበሰችውም። «ወፉስ?» አሉ እሳቸው፤ በዚህ ላይ እውነት ነበራቸው። አሮጌ አጎበር አምጥተው በችካል ወጠሩበት፤ ብርሃን ያስገባል፣ ወፍ ይከለክላል። «ይሄንንስ እኔ አላሰብኩትም ነበር» አለች ምራቲቱ። አፈሩ እንዳይደርቅም ጠዋትና ማታ ውሃ በስሱ እያርከፈከፉ አጠጡት። መደቡ አረንጓዴ ለብሶ እስኪታይ ብዙ አልቆየም።

ትርፉ ከሰላጣው ይበልጣል። ደህና ዘር መደፋቱ ቀረ፤ የሰፈሩ አትክልተኛ ሁሉ ከመዝራቱ በፊት የዘሩን ጠባይ መጠየቅ ጀመረ፤ ሁለት ወዳጆችም ታረቁ። አባት ያቆዩት ዘዴ ለባቄላ መልካም ነው፤ ለሁሉም ዘር አንድ ሕግ ማውጣት ግን ያከስራል። ዕውቀት የሽማግሌን ልምድ አይሽርም፤ የት ላይ እንደሚሠራና የት ላይ እንደማይሠራ ያሳየዋል እንጂ።

ባለፈው እሁድ ልጠይቃቸው ብሄድ፣ ጋሽ ፍሬን አጥር ጥግ ከተከሏት ለጋ የሱፍ አበባ ፊት ቆመው አገኘኋቸው።

«ልጄ!» ብለው ምራታቸውን ተጣሩ። «ነይማ እስቲ። ይቺ ጠዋት በወዲህ ነበር የዞረችው፤ አሁን ፀሐይዋን ተከትላ በወዲያ ዞራለች። አንገት የላት፣ ዓይን የላት... እንዴት አድርጋ ነው?»

ምራቲቱ እየሳቀች መጥታ አጠገባቸው ቆመች። «ይሄስ ረጅም ነው አባባ፤ ተቀምጠን እናውራው» አለች።

እኔም ወንበሬን አስጠጋሁ።