ለእኔ የተነፋው ብርሌ

ቢከን ሂል የሚባል ሰፈር የሚኖር፣ ብርጭቆ እየነፋ የሚሠራ ፈረንጅ አርቲስት ደንበኛ ነበረኝ፤ በታክሲዬ ኤርፖርት አደርሰዋለሁ። አንዴ በወሬ መሃል ጠጅ የምንጠጣበት ብርሌ ምን እንደሚመስል በእጄ አሳየሁት። ሶ፣ ሌላ ቀን ፒክ ላደርገው ስሄድ ወርክሾፑ አስገባኝና አንገቱ መለል ያለ፣ ማር የመሰለ ብርሌ አወጣ። «ላንተ ነው የሠራሁት፣ ውሰደው» አለኝ። ዓይኔ ብርሌው ላይ ቀረ፤ አፌ ግን «ኧረ አይገባም፣ ለምን ተቸገርክ፣ ይቅር» አለ። መቼም እኛ «በሞቴ» እስክንባል እጃችንን አንዘረጋም። እሱ ይህን በምን ይወቀው፤ «ኦኬ» አለና የብርጭቆ ስብርባሪ ባልዲው ውስጥ ወረወረው፤ እንክትክት አለ።

«ምነው?» አልኩት ደንግጬ።

«ሰው ያልወደደውን አላስቀምጥም፣ መልሼ አቀልጠዋለሁ» አለኝ ቅዝዝ ብሎ። «የቱ ጋ አበላሸሁት? አንገቱ ነው?»

በጣም ወድጄው ነበር ብለው ደግሞ ምን ሊሰማው ነው? ባልዲውን እያየሁ «አዎ፣ ትንሽ ረዘመ» አልኩት። ኤርፖርት እስክንደርስ መንገዱን ሙሉ ይቅርታ ሲጠይቀኝ ሄደ።