ከሽቦው ወዲህና ወዲያ

ከብት አርቢው ሽማግሌ በዚያ ጠዋት ማጭዱን ይዞ የወጣው አንዲት ካሬ ሜትር ሣር ሊሰርቅ ነበር። በመስኩ መካከል በሽቦ የታጠረችው ቦታ ለዓመታት ስታበሽቀው ኖራለች፤ ላሙ እየተራበች ሣር በአጥር መጠበቁ ለእርሱ እብደት ነበር። ሲደርስ ግን የሟች ወንድሙ ልጅ፣ የዕፅዋት ተመራማሪዋ፣ ሣር ከምትቆጥርበት የእንጨት ክፈፍ አጠገብ ተንበርክካ አገኛት።

«እንደምን አደሩ፣ አጎቴ? ማጭዱ ለማን ነው?» አለችው።

«ለሣሩ ነዋ! አንቺ ሣር ቆጣሪ፣ አሥራ ሰባት ዓመት ቆጥረሽ አንዲት ጥጃ እንኳ አጥግበሻል? ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ!»

«እርስዎስ መስኩ ሲመናመን አላዩም?»

«ዓይን አለኝ። በየቀኑ ነው የማየው።»

«የበደለዎትም እሱ ነው። እናት ልጇ ሲያድግ አይታያትም፤ በዓመት አንዴ የሚመጣ እንግዳ ግን ገና ከደጅ ‹አቤት ማደጉ!› ይላል። ደብተሬ እንግዳው ነው።»

ሽማግሌው ሳቀ። «እኔ የመነመነበትን ምክንያት አውቃለሁ። አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከብቶቹን በስርቆሽ እያስገባ የጋራ መስካችንን አስጋጠው።»

ሰው በቂም ሲያረጅ ክሱን እንደ ጸሎት ይደግመዋል። ለዚያች ክስ ሲል ከወንድሙ ጋር ስምንት ዓመት ሳይነጋገር ኖሯል፤ በቀብሩም ዕለት ከሩቅ ቆሞ ተመልሷል።

ልጅቱ ደብተሩን ገልጣ አቀበለችው። «ያንብቡ። ግራው ከሽቦው ውስጥ፣ ቀኙ ከውጭ ነው።»

አነበበ። በመጀመሪያው ዓመት ከሽቦው ውስጥ ስድሳ ሁለት እግር ሣር፣ ከውጭ ስድሳ። ወንድሙን በከሰሰበት ዓመት አርባ አንድና ሠላሳ ዘጠኝ። ዘንድሮ ዘጠኝና ሰባት። በአንጻሩ እሾሃማው ቁጥቋጦ በሁለቱም በኩል ከባዶ ተነሥቶ ሦስት፣ ከዚያም አሥራ አራት ሆኗል።

«ከሽቦው ውስጥ ከብት ገብቶ ያውቃል?» አለ።

«አንድም ቀን።»

«ታዲያ ሣሩ...»

«ዝናቡ እየዘገየ፣ ቁጥቋጦው እየገፋ ነው ያጠፋው። ሦስት እግር ሳለ በእጅ ይነቀል ነበር። ያን ጊዜ ደብተሩን ይዤ ደጅዎ መጥቼ ነበር፤ ‹የሌባ ልጅ› ብለው መለሱኝ።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ሽማግሌው ማጭዱን ጥሎ እንደ እርሷ ተንበረከከ።

«በዚያ ዓመት አንጻር፣ ወንድሜ አልሰረቀም ብለሽ ጻፊልኝ።»

«እዚህ የሚጻፈው የተቆጠረ ብቻ ነው፣ አጎቴ።»

«እንግዲያስ ቁጠሪ፤ ክፈፉን እኔ እይዛለሁ።»

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በዚያው ሳምንት ከእርሷ ቀድሞ ይደርሳል። የመስኩ ባለቤቶች የሆኑት ጎረቤቶቹም የቁጥሩን ነገር ከእርሱ አፍ ስለ ሰሙ ቁጥቋጦውን ገና በለጋነቱ ይነቅላሉ፤ ከሽቦው ውስጥ ያለውን ግን ማንም እንዲነካው እርሱ አይፈቅድም፤ ማነጻጸሪያ ነውና። በሦስተኛው ዓመት ከውጭ ያለው ሣር ከሰባት ወደ አሥራ ሦስት ከፍ ብሏል። ስድሳ ለመድረስ ግን የእርሱ ዕድሜ አይበቃም።

አንድ ጎረቤት በዚያ ሲያልፍ፣ «ጉድ ነው! እርስዎም ሣር ቆጣሪ ሆኑ?» ብሎ ቀለደበት።

ሽማግሌው ከክፈፉ ቀና ሳይል፣ «ቀድሜ ቆጥሬ ቢሆን ኖሮ ወንድሜን በቁሙ ባላጣሁት ነበር» አለው።